ግኝቱና ድምዳሜው፦ ስለ ቁርኣን ኢዕጃዝ፣ ስለ ምዕራባውያን ትችትና ስለ ሙስሊም ሊቃውንት መልስ

(በሁሩታ ከተማ በተደረገው የምሩቃን ማኅበራችን ስብሰባ ላይ በአንዲት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም የቀረበ ንግግር)

 

አዘጋጅ ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ብዙዎቻችሁ ስለ እናቶች ጤና ወይም ስለ ደም ግፊት እንደማወራ ገምታችሁ ነበር። ይቅርታ፣ ዛሬ ደም ግፊት የለም። የመረጥኩት ርዕስ ቁርኣን ተአምር ነው በሚለው እምነት ላይ ከምዕራባውያን ምሁራን የተሰነዘረው ትችትና የሙስሊም ሊቃውንት የሰጡት መልስ ነው። ዓሊም አይደለሁም፤ ሐኪም ነኝ። ነገር ግን እዚሁ ሎዴ ሂቶሳ ውስጥ ያደግሁ፣ ቁርኣን የቀራሁ፣ ከክርስቲያን ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩ ሙስሊም ነኝ። ጉዳዩ ደግሞ ከምታስቡት በላይ የእኛን ሀገርና የእኛን ቋንቋ ይነካል።

ለምን ይህን መረጥሽ ለምትሉኝ ምክንያቴን ልንገራችሁ። ተረኛ በሆንኩበት አንድ ሌሊት ሁለት ኢንተርኖች ሻይ እየጠጡ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ ሙስሊም፣ ሌላው ኦርቶዶክስ፤ ሁለቱም ጎበዞች፣ ደግሞም ጓደኛሞች። አንዱ «ቁርኣን የጽንስን እድገት ከ1400 ዓመት በፊት ነግሮናል፤ የውጭ ፕሮፌሰሮች ሳይቀሩ መስክረዋል» ይላል። ሌላው «የመጽሐፋችሁ ቃላት ከግዕዝ የተወሰዱ ናቸው፤ ይህንንም ያረጋገጡት ፈረንጆች ናቸው» ይላል። የሁለቱም ማስረጃ ስልካቸው ላይ ያለ አጭር ቪዲዮ ነው። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደና ወደ እኔ ዞረው «ዶክተር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። ወዲያው ምጥ የያዛት እናት መጣችና ተበታተንን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። የሚያሳስበኝ ማን ረታ የሚለው አይደለም። እነዚህ ልጆች ነገ በአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚቆሙ ናቸው። በማያውቁት ነገር ተጣልተው መቆም የለባቸውም።

ከሙያችን አንድ ነገር ልዋስ። የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣልን ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ምን ማለት ነው? ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የነፍሰ ጡር ሴት ሂሞግሎቢን ወረድ ብሎ ቢገኝ ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን በእርግዝና ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ስለሚጨምር ብቻ ሊሆን ይችላል። ግኝቱን የካደ ሐኪም ይሳሳታል፤ ከግኝቱ ዘልሎ ድምዳሜ ላይ የወጣም ይሳሳታል። ዛሬ የምነግራችሁ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ከሙስሊም ሊቃውንት መልሶች ውስጥ ጸንተው የቆሙት ግኝቱን ሳይፈሩ ተቀብለው በድምዳሜው ላይ የተከራከሩት ናቸው። ግኝቱን የካዱት፣ ወይም በሌላ የችኮላ ድምዳሜ ሊያሸንፉ የሞከሩት ግን ደክመዋል።

እንግዲህ ቃሉን እንፍታ። ኢዕጃዝ በዐረብኛ ሌላው እንዳይችለው ማድረግ ማለት ነው። ቁርኣን በበርካታ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በአል-በቀራህ 2፥23፣ በዩኑስ 10፥38፣ በሁድ 11፥13 እና በአል-ኢስራእ 17፥88፣ ተጠራጣሪዎችን ብጤውን አምጡ ብሎ ይሞግታል፤ አንድ ቦታ ዐሥር ሱራ፣ ሌላ ቦታ አንድ ሱራ ብቻ። ኢዕጃዝ የሚለው ስያሜ ግን በኋላ ዘመን ሊቃውንት የሠሩት ነው። አር-ሩማኒ (እ.ኤ.አ. በ994 ያረፉ)፣ አል-ኸጣቢ (998)፣ አል-ባቂላኒ (1013) እና ዐብዱልቃሂር አል-ጁርጃኒ (1078) በጉዳዩ ላይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። እርስ በርሳቸውም አልተስማሙም። ከእነሱ በፊት የነበረው አን-ነዟም የሚባል የሙዕተዚላ ሊቅ ዐረቦች ብጤውን መናገር ይችሉ ነበር፣ አላህ ግን ከለከላቸው ብሏል። አል-ባቂላኒ ይህን አልተቀበሉም፤ ተአምሩ ራሱ ቃሉ ላይ ነው አሉ። ከዚያም በዐረብ ዘንድ የተደነቀውን የኢምሩል ቀይስን ቅኔ አምጥተው ቤት በቤት መረመሩት። አል-ጁርጃኒ ደግሞ ሰዋስውንና ቅኔን የናቀ ሰው ኢዕጃዝን የሚያውቅበትን መንገድ በገዛ እጁ ዘጋ ይላሉ። ማለትም መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ፍርድ።

ትችቱንም የጀመሩት ምዕራባውያን አይደሉም። መካ ውስጥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያስተምራቸው ሰው አለ የሚሉ ነበሩ። ቁርኣን ይህን ክስ ራሱ መዝግቦ በ16፥103 ላይ ይመልስለታል፤ ሰውየው የባዕድ ቋንቋ ተናጋሪ ነው፣ ይህ ግን ግልጽ ዐረብኛ ነው የሚል ነው መልሱ። እንግዲህ «የባዕድ ቃል» የሚለው ክርክር ከቁርኣን ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ምዕራባውያን እንለፍ። ከታላላቆቹ አንዱ ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደከ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 የቁርኣንን ታሪክ የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ። በ1910 ደግሞ በሴም ቋንቋዎች ላይ ባወጣው ሥራ ውስጥ ሁለት ነገር አቀረበ። አንደኛው የቁርኣንን አገላለጽና አቀነባበር የሚነቅፍ ነው። ሁለተኛው ወደ ግዕዝ የገቡና ከግዕዝ የወጡ ቃላትን የሚዘረዝር ነው። በ1938 አርተር ጀፈሪ በቁርኣን ውስጥ ያሉ የባዕድ ምንጭ አላቸው የሚላቸውን ከ200 በላይ ቃላት ሰብስቦ ባሮዳ፣ ህንድ ውስጥ አሳተመ። ያ ኢንተርን «ፈረንጆች አረጋገጡ» ያለው ከእነዚህ የመጣ ነው።

እስቲ ቃላቱን እንያቸው፤ አማርኛ ለሚሰማ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልግም። የዒሳ ተከታዮች በቁርኣን ሐዋሪዩን ይባላሉ፤ ግዕዙ ሐዋርያ፣ ሖረ ማለትም ሄደ ከሚለው የወጣ ነው። አምስተኛው ሱራ አል-ማኢዳህ ነው፤ ማእድ። በአን-ኑር 24፥35 ላይ ያለው ሚሽካት መስኮት ነው። ሙናፊቅ መናፍቅ ነው። ኖልደከ ቡርሃን የሚለውንም ከግዕዙ ብርሃን ያመጣዋል፤ በቁርኣን ትርጉሙ ማስረጃ ነው፣ በ4፥174 ላይ ግን ብርሃን ከሚለው የዐረብኛ ቃል ከኑር ጋር አጠገብ ለአጠገብ ይገኛል።

ታዲያ ሙስሊሞች ይህን ከኖልደከ ነው የሰሙት? በጭራሽ! ሚሽካት በሐበሻ ቋንቋ የግድግዳ ቀዳዳ መሆኑ በቡኻሪ የተፍሲር ክፍል ውስጥ ተጽፏል። ኢብኑ ዐባስ በ73፥6 ላይ ያለውን ናሺአት፣ ለሌሊት ሶላት መነሣትን የሚመለከተውን ቃል፣ በሐበሻ ቋንቋ ተነሣ ማለት ነው ብለዋል። ክርስቲያን ወንድሞቼና እህቶቼ በየቅዳሴው የምትሰሙትን ተንሥኡ አስቡት። በ57፥28 ላይ ያለውን ኪፍለይን ደግሞ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ በሐበሻ ቋንቋ ሁለት እጥፍ ማለት ነው ብለው እንደፈቱት አጥ-ጠበሪ ዘግበዋል። እኛ ክፍል እንላለን። አቡ ሙሳ እነማን ነበሩ? ከየመን ሲነሡ መርከባቸው ወደ ሐበሻ ያመጣቸው፣ እዚህ ከጃዕፈር ጋር ኖረው በኸይበር ዘመቻ ወቅት መዲና የገቡ ሶሓባ ናቸው። ቃሉን በጆሯቸው ሰምተውታል ማለት ነው። በአስ-ሱዩጢ መጽሐፍም፣ የተሰበሰበው ቁርኣን ምን ይባል ተብሎ ሲመከር፣ ከሶሓቦች አንዱ በሐበሻ ይህን የመሰለውን ሙስሐፍ ይሉታል ብሎ ስሙ እንደወጣ የሚናገር ዘገባ አለ። ሙስሐፍና መጽሐፍ፤ ለማንም የሚሰወር አይደለም።

ስለዚህ ግኝቱ ከምዕራብ አልመጣም። ጀፈሪ ራሱ መግቢያው ላይ በሰፊው የሚጠቅሰው የአስ-ሱዩጢን ዝርዝሮች ነው። ልዩነቱ ድምዳሜው ላይ ነው። ተቺው «የባዕድ ቃል ካለ የሰው ቅጂ ነው» ይላል። ሊቃውንቱስ ምን አሉ?

ኢማም አሽ-ሻፊዒ (820) በሪሳላ መጽሐፋቸው በቁርኣን ውስጥ ከዐረብኛ በቀር ምንም የለም ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። ዐረብኛ ሰፊ ስለሆነ አንዱ ነገድ የማያውቀውን ሌላው ያውቀዋል የሚል ነው ሐሳባቸው። አጥ-ጠበሪ (923) ሌላ መንገድ ያዙ፤ አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ ሊገኝ ይችላል፣ ይህ የማን እንደሆነ በማስረጃ ካልታወቀ ለአንዱ ብቻ መስጠት አይገባም አሉ። አቡ ዑበይድ አል-ቃሲም ኢብን ሰላም (838) ሁለቱን ወገን አስታረቁ፦ ቃላቱ በምንጫቸው የባዕድ ናቸው፣ ዐረቦች ግን በአንደበታቸው አልምደው የራሳቸው አድርገዋቸዋል፤ ቁርኣን ሲወርድ ዐረብኛ ሆነው ነበር። አስ-ሱዩጢ (1505) ደግሞ ከመቶ በላይ ቃላት ሰበሰቡ፤ አል-ሙተወኪሊ በተባለው ሥራቸውም በየቋንቋው ለይተው ሲደረድሩ የሐበሻን አስቀደሙ። አፈሩበት? የለም። ለሰው ዘር ሁሉ የተላከ መጽሐፍ ከየሕዝቡ ቋንቋ ጥቂት ቢኖርበት ክብሩ እንጂ ነውሩ አይደለም ብለው ተረዱት። አንድ የፋርስ ቅኔ ዐረብኛ ቃል ስለገባበት ፋርስኛነቱን አይለቅም ሲሉም ያስረዳሉ።

ይህን እኛ እናውቀዋለን። «ሐኪም ዘንድ ሄጄ ወረቀት ጻፈልኝ» ያለ የሁሩታ ገበሬ አማርኛ ነው የተናገረው። ሐኪምም ወረቀትም ግን ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። አማርኛችሁ ቅጂ ነው የሚለን አለ?

እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን የሚከብድ ነገር ልጨምር። ዛሬ የቋንቋ ጥናት የደረሰበትን ይዘን ስናይ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሐዋርያና ማእድ በእርግጥም ከግዕዝ የተወሰዱ ይመስላሉ። ናሺአትና ተንሥአ ግን ከአንድ ጥንታዊ የሴም ሥር የወረዱ እህትማማቾች ናቸው፤ ማንም ከማንም አልወሰደም። አጥ-ጠበሪ «በሁለቱም ይገኛል» ያሉት እዚህ ላይ ልክ ይመጣል። ሙናፊቅ አከራካሪ ነው፤ የዐረብ ሰዋስው ሊቃውንት ነፈቅ፣ ማለትም ዋሻ፣ ከሚለው ያወጡታል። ቀስዋራህ ደግሞ፣ በ74፥51 ያለው፣ በሐበሻ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው ተብሎ ተዘግቧል። እኛ ግን አንበሳን አንበሳ ነው የምንለው፤ በግዕዝም እንዲሁ። ይኼኛው ምርመራው የተሳሳተበት ነው እንበል። እንግዲህ «ከግዕዝ ነው» የሚለው አንድ ቃል ሦስት አራት የተለያዩ ምርመራዎችን ይዟል። የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ይህን አይለይም።

በዘመናችንም ክርክሩ ቀጥሏል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዋሊድ ሳሌሕ በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድን ቃል ጥንተ ምንጭ አግኝቶ ትርጉሙን አገኘሁ ማለት ስሕተት መሆኑን ያሳያሉ። ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከሚኖርበት ዐረፍተ ነገር ነው። ቡርሃን ከብርሃን ቢመጣም በቁርኣን ውስጥ የሚሠራው የማስረጃን ሥራ ነው። ሙስጠፋ አል-አዕዘሚ የተባሉት፣ በካምብሪጅ የተማሩት የሐዲስ ሊቅ ደግሞ በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ ጀፈሪንና ሌሎችን በእጅ ጽሑፍ ታሪክ በኩል ሞግተዋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የሀገራችን ታሪክ አለ። በ1961 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቁርኣን በአማርኛ ታተመ፤ ተርጓሚዎቹ ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው። እነዚያ ቃላት ላይ ሲደርሱ ምን አደረጉ? ሐዋሪዩንን ሐዋርያት፣ ሙናፊቁንን መናፍቃን፣ ማኢዳህን ማእድ፣ ሚሽካትን መስኮት አሏቸው። ቀይ ባሕርን ተሻግረው የሄዱት ቃላት ከ1300 ዓመት በላይ ቆይተው ተመለሱ። ትርጉሙን የሚያነብ ሙስሊም ይህ ከኢዕጃዝ የቀነሰበት ነገር ያለ አይመስለኝም። ይልቁንም ስደተኞቹን የተቀበለች ሀገር በመጽሐፉ ቋንቋ ውስጥም አሻራ እንዳላት ያያል።

ሁለተኛው ትችት የአቀነባበር ነው። ኖልደከና ከእሱ በፊትም በኋላም የመጡ ጸሐፊዎች ቁርኣን ከጉዳይ ወደ ጉዳይ ይዘላል፣ ይደጋግማል ብለዋል። ለዚህ ከተሰጡት መልሶች ሁለቱን ላንሣ። ሙሐመድ ዐብደላህ ድራዝ (1894–1958) የአዝሀር ምሩቅ ናቸው፤ በ1947 ፓሪስ ሶርቦን ዶክትሬታቸውን ሠሩ። አን-ነበኡል ዐዚም በተባለው መጽሐፋቸው «አትዝለሉ አትበሉን» ብለው አልተቆጡም። የቁርኣንን ረጅሙን ሱራ፣ አል-በቀራህን፣ ወስደው ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው ክፍሎቹ እንዴት እንደሚያያዙ ደረጃ በደረጃ አሳዩ። በጣም አስቸጋሪውን ናሙና ነው የመረጡት፤ ይህን አከብርላቸዋለሁ።

ሌላዋ ዓኢሻ ዐብዱረሕማን ናቸው፤ ቢንት አሽ-ሻጢእ በሚል የብዕር ስም የሚታወቁ ግብጻዊት (1913–1998)። አንዲት ሴት በዚህ መስክ ከፊት መቆማቸውን ለእህቶቼ መጥቀስ እወዳለሁ። በ1971 ስለ ቁርኣን የቋንቋ ኢዕጃዝ ባወጡት መጽሐፍ፣ ተመሳሳይ ትርጉም አላቸው የሚባሉ ሁለት ቃላትን ቁርኣን ውስጥ በገቡበት ቦታ ሁሉ ተከታትለው አንዱ በሌላው ሊተካ እንደማይችል ይመረምራሉ። ይህ ሊፈተሽ የሚችል ሥራ ነው፤ የማይስማማ ሰው ቦታውን አውጥቶ ሊሟገታቸው ይችላል። ደግሞም ትችቱ ራሱ እዚያው ምዕራብ ውስጥ ተሻሽሏል። ጀርመናዊቷ አንጌሊካ ኖይቪርት በ1981 የመካ ሱራዎች የተቀነባበረ መዋቅር እንዳላቸው የሚያሳይ ትልቅ ጥናት አውጥተዋል። ሁሉም ምዕራባዊ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሁሉም ሙስሊም ሊቅ አንድ ዓይነት እንዳልሆነው ሁሉ።

ሦስተኛው የእኔ መስክ ነው፤ ጽንስ። እዚህ ላይ የክርክሩ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ዘልለው ድምዳሜ ላይ የወጡት ከእኛው ወገን ናቸው። በ1976 ሞሪስ ቡካይ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ቁርኣን ከዘመናዊ ሳይንስ ጋር ይስማማል የሚል መጽሐፍ አወጣ። በ1983 ደግሞ ብዙዎቻችን የተማርንበት የኪት ሙር የጽንስ ትምህርት መጽሐፍ፣ የየመኑ ዐብዱልመጂድ አዝ-ዚንዳኒ ባከሉበት ማብራሪያ ጅዳ ላይ በልዩ እትም ታተመ። «ፕሮፌሰሩ መስከረ» የሚለው ከዚህ ተነሣ።

ቁርኣን በ23፥12–14 የሰውን አፈጣጠር በደረጃ ይናገራል፤ ኑጥፋ፣ ዐለቃ፣ ሙድጋ፣ ከዚያም አጥንት፣ ቀጥሎም አጥንቱን ሥጋ ማልበስ። ዐለቃ የሚለው በአማርኛ ብዙ ጊዜ የረጋ ደም ተብሎ ይተረጎማል። ዐረብኛው ግን የሚንጠለጠል፣ የሚጣበቅ ነገርንም፣ ውኃ ውስጥ የምትኖረውን ደም መጣጭም ይጨምራል። እኛ አልቅት የምንላት ናት፤ ቃሉም ያው ነው። ከማህፀን ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚመገብ ጽንስን ለሚያውቅ ሐኪም ይህ ልብ የሚነካ ምሳሌ ነው። እኔም ሳነበው ልቤ ይነካል።

ግን ልብ መነካትና ማረጋገጥ ይለያያሉ። «አጥንት ቀድሞ፣ ሥጋ ተከትሎ» የሚለውን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ካነበብነው ችግር ይገጥመናል። የእጅና የእግር ጡንቻ የሚሆኑ ሕዋሳት በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ወደ ቦታቸው ይጓዛሉ፤ ልም አጥንቱ በስድስተኛው ይታያል፤ ወደ አጥንትነት መለወጥ የሚጀምረው ወደ ስምንተኛው ሳምንት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ያድጋሉ እንጂ አንዱ አልቆ ሌላው አይጀምርም። ምዕራባውያን ተቺዎችም ጽንስን በደረጃ መክፈል ግሪካዊው ጋለን ዘንድ እንደነበረ ያስታውሱናል። ኢብኑል ቀዪም (1350) የሂፖክራተስን ጽሑፍ ከቁርኣንና ከሐዲስ ጋር አያይዘው አንብበዋል፤ በዘመናቸው ሕክምና አልተሸማቀቁም። ዛሬ ያ ሕክምና አርጅቷል። የዛሬውም ነገ ያረጃል።

ይህን አደጋ ቀድመው ያዩት ሙስሊም ሊቃውንት ናቸው። የአንዳሉሱ አሽ-ሻጢቢ (1388) ቁርኣን መጀመሪያ የወረደላቸው ሰዎች በተረዱት ቋንቋ መነበብ አለበት፣ ያላሰቡትን ሳይንስ ሁሉ ወደ ውስጡ ማስገባት አይገባም ብለው አስጠንቅቀዋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አሚን አል-ኹሊ ይህንኑ አነሡ። ቢንት አሽ-ሻጢእ በ1970 ሙስጠፋ ማሕሙድ የተባለውን ሐኪም ደራሲ ዘመናዊ ተፍሲር ተቃውመው መጽሐፍ ጻፉ። አልጄሪያዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኒዳል ገሱም በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ የሳይንሳዊ ተአምር ፍለጋውን አካሄድ በዝርዝር ነቅፏል። አንዳቸውም ይህን ያሉት እምነታቸውን ለማቃለል አይደለም፤ ከሚሰበር ክራንች ሊያድኑት ነው።

ክራንች ስል ቀልድ አይደለም። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከክፍል ወጥቶ «ዶክተር፣ ጡንቻና አጥንት አብረው የሚያድጉ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቆኛል። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እምነቱን በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ እትም ላይ ነበር ያሰረው። እትሙ ሲለወጥ እሱም ሊወድቅ ሆነ። የነገርኩት አጭር ነው፦ ኢማን ለቤተ ሙከራ ፈተና የሚቀርብ ናሙና አይደለም፤ ከአንተ በፊት የነበሩት ሊቃውንት በዚህ መንገድ አልሄዱም፤ ሂድና አንብባቸው። ፈተናውን አለፈ፤ ሶላቱንም አልተወም።

እዚህ ላይ አንድ የሐቅ ጥያቄ ልመልስ። «እሺ፣ ኢዕጃዝ በዐረብኛው ውበት ላይ ከሆነ ዐረብኛ የማትሰሚው አንቺስ?» የሚለኝ አለ። ጥያቄው የአርሲን፣ የወሎን፣ የጅማን ሙስሊም ሁሉ ይመለከታል። አል-ባቂላኒ ከሺህ ዓመት በፊት ተጠይቀውበታል፤ ዐረብ ያልሆነ ሰው ኢዕጃዙን በቀጥታ ሊቀምሰው አይችልም፣ የቋንቋው ባለቤቶች ተሞግተው እንዳልቻሉ በማወቅ ነው የሚደርስበት ብለዋል። ሐቀኛ መልስ ነው፤ ደካማ ጎኑንም አይደብቅም። የማያምን ሰው ይህን ተቀብሎ ላያምን ይችላል። ውበትን በሚዛን መመዘን እንደማይቻል እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ጎረቤቴ የማያምንበትን ነገር ለምን እንደማምን በቅጡ ሊረዳ ይገባዋል፤ እኔም የእሱን ተቃውሞ በቅጡ ልረዳለት ይገባኛል። ይህ ከሆነ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መነጋገር ይቻላል።

መደምደሚያዬ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ጥያቄም ነው። መምህራኖቻችን፣ ተማሪዎቻችሁ በስልክ ያገኙትን ክርክር ይዘው ሲመጡ «ሃይማኖት እዚህ አይወራም» ብላችሁ አትመልሷቸው። እኛ ያስተማራችሁንን ዘዴ አስተምሯቸው፦ ግኝቱ ምንድን ነው? ከየት መጣ? ድምዳሜውስ ከግኝቱ ይከተላል? ለማኅበራችን ደግሞ ይህን አቀርባለሁ። በሀገራችን ግዕዝን የሚያውቁት በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መምህራን ናቸው፤ የቁርኣንን ዐረብኛ የሚያውቁት የመድረሳ ሸይኾች ናቸው። የሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ላይ አንድ የግዕዝ መምህርና አንድ ሸይኽ ጋብዘን ስለነዚህ ቃላት ጎን ለጎን ያስረዱን፤ እኔ ወጪውን ለማሰባሰብ ፈቃደኛ ነኝ። ከመድረኩ ስወርድ ስማችሁን እመዘግባለሁ።